የተለካው ፊት

አባቴ ፊቴን የለካው የስምንት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ ፋሲካ አንድ ወር ሲቀረው፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። እኔ የበግ ጀርባ እያለሰለስሁ ነበር። በእኛ ሸለቆ የቀራጭ ልጅ ሁሉ ሥራ የሚጀምረው ለገና ግርግም ከሚሆኑ የእንጨት በጎች ነው፤ የሰው ፊት ለመንካት ገና ብዙ ዓመት ይቀረዋል። የምሠራበት ማሽን ከጣሪያው መንጠቆ ላይ የተንጠለጠለ ትንሽ ሞተር ሲሆን፣ እንደ ልብ የሚጣጠፍ ረጅም አንገት አለው። ጫፉ ላይ ብርጭቆ ወረቀት የለበሰች የጎማ ከበሮ ትሽከረከራለች። ፔዳሉን በእግር ሲረግጡት ታጉረመርማለች።

«ቲልያ፣ እሱን ተይውና ነይ እዚህ ቁጭ በይ» አለኝ።

ሰጋቱራ የሸፈናት ዱካ ላይ ተቀመጥሁ። አባቴ ከግድግዳው ላይ መለኪያውን አወረደ። እግሮቹ እንደ ፌንጣ እግር የታጠፉ፣ ሁለት ጫፍ ያለው ብረት ነው። አንዱን ጫፍ ዐይኖቼ መካከል፣ ሌላውን አፍንጫዬ ጫፍ ላይ አሳረፈ። ብረቱ ይቀዘቅዛል። ከዚያ የአፍንጫዬን ወርድ ለካ፣ ከአፍንጫዬ እስከ ከንፈሬ ለካ፣ ከጎን ሆኖ ደግሞ ለካ፤ በለካ ቁጥር ጣውላ ላይ በእርሳስ ቁጥር ይጽፋል። እሱ ራሱ እስከ ዐይኑ ሥር በሻርፕ ተጠቅልሎ ነበር፤ በአፉ ነው የሚተነፍሰው። 

«አይዞሽ፣ አያምም» አለኝ።

እንደማያምም አውቅ ነበር። አያቴን ማትዮንም አላመመውም።

ለሌላ ሰው ነገሩ ተራ ሊመስል ይችላል። እኔ ግን ያ ብረት ከግድግዳው የሚወርደው መቼ እንደሆነ ጠንቅቄ አውቃለሁ። በሸለቆው ውስጥ የሚያጣጥር ሰው ሲኖር ቤተሰቡ አባቴን ያስጠራዋል። ሄዶ የታማሚውን ፊት ይለካል፣ መልኩን መዳፍ በምታህል እንጨት ላይ ይቀርጻል፣ እሷም መቃብሩ መስቀል ላይ ትቸነከራለች። ሰው ከሞተ በኋላ ፊቱ የራሱ አይደለም ስለሚል፣ የሚለካው ነፍስ ሳይወጣ ነው። አያቴን በጥር ለካው፣ በየካቲት ቀበርነው። የዳቦ ጋጋሪውን ልጅ ሬጂናን ደግሞ በጥቅምት ለካት። እሷ ከእኔ በአንድ ክፍል ብቻ ትበልጥ ነበር። የመሣሪያውን ቦርሳ ተሸክሜ አብሬው ሄጄ ነበርና በዐይኔ አይቻለሁ፤ ብረቱ ሲነካት ይኮረኩራል ብላ ሳቀች። በሁለት ሳምንቷ፣ ለመጀመሪያ ቁርባኗ የተሰፋላትን ነጭ ቀሚስ ለብሳ ተቀበረች።

ከዚህ ተነስቼ የራሴን ሕግ አወጣሁ። ብረቱ የነካው ሰው ይሞታል። የእንጨቱ ፊት ሳያልቅ ግን አይሞትም፤ አባቴ የአያቴን መልክ አለስልሶ የጨረሰው አያቴ በሞተበት ቀን ማለዳ ነበርና። ሞት ቆሞ የሚጠብቀው ማለስለሱን ነው ማለት ነው። ዛሬ ሳስበው፣ አባቴ ሐኪም የነገረውን ቀን ለመቅደም ሌሊትና ቀን ይጣደፍ ነበር እንጂ ሞትስ ማንንም አልጠበቀም። ያኔ ግን ይህን የሚነግረኝ ሰው አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ብረቱን ወደ ግድግዳው ሲመልስ፣ «ጨረስኩ፣ ሂጂ ወደ በጎችሽ» አለኝ። እኔ ግን ወደ በጎቹ አልሄድሁም። ወደ ወጥ ቤቱ በር ተጠግቼ ቆምሁ።

ውስጥ እናቴ ፊሎሜና ቀለም ትቀባለች። በእኛ ዘንድ ወንድ ይቀርጻል፣ ሴት ታቀልማለች፤ እናቴ በጉንጭና በከንፈር ቀለም የታወቀች ነበረች። አጠገቧ አክስቴ ባርባራ ድንች ትልጣለች። አክስቴ የአባቴ ታላቅ እህት ናት፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ከእኛ ጋር ትኖራለች፤ ምላሷ ከመሮ ይስል ነበር።

«ለካት?» አለች አክስቴ።

«ለካት።»

«በይ እንግዲህ፣ ከፋሲካ በፊት ይድረስ። ማክሰኞ ከሄዳችሁ በኋላ ቢያልቅ ምን ዋጋ አለው።»

«ባየኋት ቁጥር እኮ አልችልም ባርባራ» አለች እናቴ። «ያን ፊት ሳይ፣ ያችን አፍንጫ ሳይ…»

«ዝም በይ፣ ትሰማሻለች።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። የእኔ ጆሮ ግን የዚያን ቀን የሰማውን ሁሉ ለባለቤቱ አደረሰ።  ማክሰኞ ማለት ከፋሲካ በኋላ ያለው ማክሰኞ፣ እኔን ሊቀብሩ የሚሄዱበት ቀን መሆኑ ገባኝ፤ በጣቴ ስቆጥር ሠላሳ አንድ ቀን ቀርቶኛል።

ከዚያ ወዲያ ሁሉም ነገር የጠረጠርሁትን የሚያረጋግጥ ሆነ። እናቴ ነጭ ቀሚሴን መስፋት ጀመረች። የመጀመሪያ ቁርባናችን ከፋሲካ በኋላ ባለው እሑድ መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን የሌሎቹ ልጆች እናቶች ጨርቅ እንኳ አልገዙም ነበር። ወንበር ላይ አቁማ በስፒል ስትለካብኝ፣ ደረቴ ላይ ያለውን ዳንቴል አየሁት። ሬጂና ቀሚስ ላይ የነበረው ነው።

«ሬጂና የለበሰችው ዓይነት ነው?» ብዬ ጠየቅኋት።

እናቴ ስፒሎቹን በከንፈሯ እንደያዘች ወጥታ ሄደች። እኔ ወንበሩ ላይ፣ እጄን ዘርግቼ፣ እንዳልወጋ እየፈራሁ እስክትመለስ ቆምሁ።

አክስቴ ባርባራ የማታውቀውን ደግነት አመጣች። የገብስ ሾርባዬ ውስጥ ትልቁን የሥጋ ቁራጭ ትጨምርልኛለች። አንድ ቀን ሳታስበው አፍንጫዬን በጣቷ ዳበስ አድርጋ «ቁርጥ አባቷን» አለችና ዐይኗን በሽርጧ ጠረገች። አባቴ ደግሞ መሳም ተወኝ። ሻርፑን በማዕድ ላይ እንኳ አይፈታም፤ ሲበላ ከፍ አድርጎ ከሥር ይጎርሳል። ከእኔ ዐይን ለመሸሽ ነው፣ አፍሮብኝ ነው አልሁ። የሰውን ፊት ለመቃብር የሚያዘጋጅ ሰው ያን ፊት በድፍረት እንዴት ያየዋል?

እናቴ ጓሮ የምትዘፈዝፋቸው መሐረቦችም ነበሩ። ውሃው ቀይ ይሆናል። የቀለሟ ጨርቅ መስሎኝ ነበር።

እንዲህ ብዬ ስጽፈው ያሳፍረኛል። በዚያ ወር ሁሉ የአባቴን ፊት አንድ ጊዜ እንኳ ቀና ብዬ አላየሁም። የራሴ ሞት ዐይኔን ሞልቶት ነበር።

ማልቀሱ አልሆነልኝም፤ ማዳመጥ ብቻ ሆነ ሥራዬ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ወጥ ቤት ተቀምጬ የሥራ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ጆሮዬን እለጥፋለሁ። በመጀመሪያው ሳምንት የሚሰማው ባለጥርሱ ዲስክ ነበር። ያ ማሽን ግንዱን የሚያራግፈው ነው፤ ሲጮኽ መደርደሪያው ላይ ያሉ ኩባያዎች ይንቀጠቀጣሉ። እሱ ሲጮኽ ደስ ይለኛል፤ ፊቱ ገና ግንድ ነው ማለት ነው። በሁለተኛው ሳምንት አንገተ ረጅሙ ሞተር ተነሳ፤ ጫፉ ላይ ባለሞረድ ብረት ሲታሰር ድምፁ እንደ ትንኝ ይቀጥናል። ያኔ ዐይን እየወጣ፣ ጉንጭ እየወጣ ነው። የቀረው ሦስተኛው ድምፅ ነው፤ የጎማ ከበሮዋ ማጉረምረም። እሱ የተሰማ ቀን አለቀልኝ።

አክስቴ ማሽኖቹን አትወድም ነበር። በምሳ ሰዓት አባቴን ትነዘንዘዋለች።

«በአባታችን ጊዜ የመሮ ኳኳታ ነበር የሚሰማው። ፍቅፋቂው ወለል ላይ ይወድቃል፣ በመጥረጊያ ትጠርገዋለህ። የአንተ ግን አይወድቅም ቪጂል፤ አየር ላይ ነው የሚኖረው። ሾርባው ውስጥ አለ፣ ዳቦው ላይ አለ።»

«ታዲያ በነጻ ትጎርሻለሽ፣ ምን ጎደለሽ» ይላታል አባቴ።

አባቴ በአሥራ አራት ዓመቱ ከሸለቆው በታች ባለ የቤት ዕቃ ፋብሪካ ገብቶ ኦክና ዋልነት የሚባሉ ጠንካራ እንጨቶች ሲያለሰልስ ያደገ ነው። ከዚያ ወዲያ ሠላሳ ሦስት ዓመት ያን ብናኝ ሲተነፍስ ኖረ። አፍንጫው ላይ ጭንብል የሚያደርግ ወንድ በዚያ ዘመን ቢገኝ የመንደሩ መሳቂያ ነበር። ዛሬ በዚያችው ክፍል የምሠራው እኔ ነኝ። ጣሪያው ላይ ብናኙን የሚመጥ ወፍራም ቧንቧ አስገጥሜያለሁ፤ ጭንብል ሳያደርግ በሬን የሚያልፍ ሠራተኛ የለም። ከጀርባዬ «እመምኔቷ» እንደሚሉኝ አውቃለሁ፤ ይበሉ።

የሰሙነ ሕማማት ሰኞ፣ አባቴ ለቀብር ሲወጣ፣ የብርጭቆ ወረቀቱን ጥቅልል ሁሉ ሰብስቤ ምድጃ ውስጥ ከተትሁት። ወረቀቱ ነደደ፤ አሸዋው ግን አመድ ውስጥ ቀረና አክስቴ አገኘችው። ጆሮዬን ይዛ ምን ሆነሽ ነው አለችኝ። አባቴ በማግስቱ ሌላ ገዛ። ጸሎተ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ግድግዳው ውስጥ ያ ድምፅ ጀመረ። አልጮኸም፤ እንደ ጠገበ ድመት ያጉረመርማል። ከጠረጴዛው ሥር ገብቼ ጉልበቴን አቅፌ ተቀመጥሁ።

በዕለተ ስቅለት ደወል አይደወልም። በምትኩ ልጆች የእንጨት ማንቋቂያ ይዘው በየመንገዱ ይዞራሉ፤ ያ ደረቅ ድምፅ ከሩቅ ሲሰማ አጥንት የሚፋጭ ይመስላል። በዘጠኝ ሰዓት ሁሉም ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። እኔ ሆዴን አመመኝ ብዬ ቀረሁ። በሩ እንደተዘጋ ወደ ሥራ ክፍሉ ገባሁ።

እንጨት በሚያጣብቀው ሞርሳ ላይ፣ በነጭ ጨርቅ የተሸፈነ ነገር አለ። ጨርቁን ገለጥሁት፤ የሰው ራስ የሚያህል የተቀረጸ እንጨት ነው።

የእኔ ፊት ነበር፤ ደግሞም የእኔ አልነበረም። አፍንጫው ጠዋት ጠዋት መስታወት ውስጥ የማየው ነው። ግንባሩና መንጋጋው ግን ትልቅ ነው፣ የአዋቂ ነው፤ ዐይኖቹም ተከድነዋል። ስሞት የምሆነው ይህንን ነው አልሁ።  ፊቱ ለስልሶ አልቋል፤ የቀረው የግራ ጉንጩ ብቻ ነበር፣ እዚያ ላይ የሞረዱ ጭረት ይታያል። መዳፍ የምታህል ያልለሰለሰች ቦታ ናት በእኔና በሞት መካከል የቀረችው።

አባቴ በግ ሳለሰልስ የሚደጋግምልኝ ነገር ነበር። ፊት የሚጀምረው ከአፍንጫ ነው ይላል፤ አፍንጫው ከተበላሸ ሌላውን ብታሳምሪው የማንም ፊት አይሆንም። እንግዲያው መድኃኒቱን ራሱ ነግሮኛል። ከበሮዋ ላይ ከሁሉ ሻካራውን ወረቀት አለበስሁ። ሞተሩን ሶኬት ላይ ሰካሁ። በጸጥታው ቀን ያ ድምፅ ሲነሳ መንደሩ ሁሉ የሚሰማኝ መሰለኝ። እጄ እንዳይንሸራተት ክርኔን ከጎኔ አጣብቄ፣ ለበጎቹ እንደተማርሁት፣ አፍንጫው ላይ አሳረፍኋት።

እንጨቱ ለስላሳ ነበር። ጫፉ ቶሎ ሄደ። አጥብቄ ስጫነው የተቃጠለ እንጨት ይሸታል፤ ብናኙ ዐይኔ ውስጥ፣ አፌ ውስጥ ገባ። አንድ ጊዜ ተንሸራትታ የግራ ጉንጩን ጎደጎደችው። አላቆምሁም። ከዐይኖቹ እስከ ከንፈሩ ድረስ ሜዳ እስኪሆን ፔዳሉን ረገጥሁ። ሲያልቅ የማንም ፊት አልነበረም። ጨርቁን መልሼ አለበስሁትና ከዚያ ወር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ተነፈስሁ።

ቅዳሜ ጠዋት አባቴ ሥራ ክፍሉ ገባ። ማሽን አልተነሳም። ብዙ ቆይቶ ወጣና ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመ። እናቴ «አለቀ?» አለችው።

«እንጨቱ ተሰነጠቀ» አላት፤ ሲላት የሚያየው እኔን ነበር።

እናቴ ብሩሿን አስቀምጣ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። አክስቴ «አሁን ማክሰኞ ምን ይዛችሁ ልትሄዱ ነው?» አለች። አባቴ ትከሻውን ነቅንቆ ተመለሰ። እኔ ግን ውስጤ ይዘፍን ነበር። ማክሰኞ እሱና እናቴ በአውቶቡስ ኢንስብሩክ ወደሚባለው ከተማ ሄዱ። ለምን እንደሄዱ የነገረኝ የለም፤ ለሥራ ነው አሉኝ። እሑድ እናቴ ሳትሄድ የጨረሰችልኝን ነጭ ቀሚስ ለብሼ ቆረብሁ። አልሞትሁም። በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ላይ ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኝ አክስቴ ቆነጠጠችኝ። ሞትን አታልዬው ነበር።

አባቴ በስድስተኛው ሳምንት ከእናቴ ጋር ተመለሰ። ፊቱ መካከል ላይ ትልቅ ነጭ ፋሻ አለ፤ ከስቷል፣ ድምፁም ከጉሮሮው በታች የሚወጣ ሆኗል። ታምሞ ነበር፣ ድኗል አሉኝ። ደስ አለኝ እንኳ፤ የሰማሁትን አመንሁ። በሦስተኛው ቀን ማለዳ ግን ውሃ ልጠጣ ወጥ ቤት ስገባ፣ አባቴ ጀርባውን ሰጥቶኝ መስታወቱ ፊት ፋሻውን እየለወጠ ነበር። በመስታወቱ ውስጥ አየሁት።

አፍንጫ የለውም። ከዐይኖቹ እስከ ከንፈሩ ሜዳ ነው፤ መካከሉ ላይ ጨለማ ቀዳዳ አለ። የግራ ጉንጩም ጎድጉዷል። ማሽኑ ያመለጠኝ እዚያ ላይ ነበር።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይላሉ። የሸሸሁት ሞት መንገድ ስቶ አባቴ ላይ አርፏል፤ ያሳረፍሁት ደግሞ እኔ ነኝ፣ በዚህ እጄ፣ በነካሁት ቦታ ልክ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እጄን ፈራሁት። ኪሴ ውስጥ ከትቼው እውላለሁ። በግ አልነካሁም፤ የአሻንጉሊቴን ፊት እንኳ እንዳልነካው ወደ ግድግዳ አዞርኋት። አባቴ ወዳለበት ክፍል መግባት አቃተኝ። እሱ ሲመጣ እወጣለሁ፣ ማዕድ ሲቀርብ ሆዴን አመመኝ እላለሁ፣ እጁን ሲዘረጋልኝ እንዳልነካው ብዬ ወደ ኋላዬ እሸሻለሁ። አንድ ነገር ብነካበት ደግሞ የሚጠፋ መስሎኝ ነበር።

እነሱ ግን ሌላ ነገር ነበር ያዩት። ልጅቷ አባቷን ተጸየፈችው አሉ። አባቴም እንደዚያው አመነ። ሳህኑን ይዞ ሥራ ክፍሉ ውስጥ ብቻውን መብላት ጀመረ። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት አለፈ፤ ያ ሳህን ግን ዛሬም አንጀቴን ይበላኛል።

በሰኔ አንድ ቀን አክስቴ ባርባራ ቀሚሴን ከጀርባ ይዛ ግድግዳ አስደገፈችኝ።

«ስሚኝ፣ ይሄ ሰው አባትሽ ነው። ፊቱ ምን ሆነ ብለሽ ነው የምትሸሺው? ስንት ሌሊት ስላንቺ ሲያለቅስ እንደሚያድር ታውቂያለሽ?»

«እኔ ነኝ የቆረጥኩት» አልኋት።

«ምኑን?»

«አፍንጫውን። በማሽን።»

አክስቴ ባርባራ ቀሚሴን ለቀቀችው። የሆነውን ሁሉ፣ ብረቱን፣ ሬጂናን፣ ነጩን ቀሚስ፣ ስቅለትን፣ እያነባሁ ነገርኋት። እጄን ከኪሴ መንጭቃ አወጣችና፣ ሳትለቀኝ፣ ሥራ ክፍሉ ድረስ ጎትታ ወሰደችኝ።

«ቪጂል፣ ይቺ ልጅ የምትለውን ስማ። እኔ አንዴ ሰምቻለሁ፣ ሁለተኛ አልችልም» ብላ በሩን ዘግታብን ሄደች።

ደግሜ ነገርሁት፤ ወለሉን እያየሁ። ሳበቃ አባቴ ከመደርደሪያው ሥር ያን ያበላሸሁትን የእንጨት ራስ አወጣና ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

«ቲልያ፣ የሚሞቱትን ነው የምለካው እንጂ፣ የምለካቸው አይደሉም የሚሞቱት» አለኝ። ቃሉ በፉጨት ታጅቦ ነው የሚወጣው፤ በየመካከሉ ያርፋል። «ይሄ አንቺ አይደለሽም። እኔ ነኝ።»

«አፍንጫው የእኔ ነው።»

«ያንቺ ነው። የእኔ ባለፈው መስከረም ነው የጠፋው። ውስጡ ክፉ ነገር በቀለበት፤ አበጠና መልኩን ረሳሁት። ሐኪሞቹ አፍንጫህን ቆርጠን ሌላ እንሠራልሃለን፣ የድሮውን በእንጨት ቀርጸህ አምጣልን አሉኝ። ያለኝ ፎቶ ሁለት ነው፤ ሁለቱም ከፊት ለፊት የተነሳ። እናትሽ ‹ልጅህ ላይ አለልህ አይደል፣ ከእሷ ላይ ገልብጠው› አለችኝ። እኔ እንዳትፈሪ ብዬ ነው ያልነገርኩሽ።» ቆም አለና፣ «ሞኝ ነኝ» አለ።

እንዳትፈሪ ብዬ! እስከዚያ ድረስ ያየሁትን ፍርሃት ሁሉ የወለደችው ይህች ቃል ነበረች።

«ሳላበላሸው ቢሆን ኖሮ ይዘኸው ትሄድ ነበር?»

«እሄድ ነበር።» አልዋሸኝም። ከኪሱ ከተማ የሠሩለትን የጎማ አፍንጫ አወጣ፤ ቀጥ ያለ፣ ደቃቃ፣ ሮዝ ነው። ፊቱ ላይ አስደግፎ አየኝ። «እነሱም ከራሳቸው ገምተው ሠሩ። ተመልከች እስቲ፤ የቀረጥ ሰብሳቢ አፍንጫ አይደለም?»

ሳቅሁ። ሳቁ መሐል ላይ ተሰብሮ ልቅሶ ሆነ። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብዬ ሙሉ ፊቱን አየሁት። አስፈሪ ነበር፤ አልዋሽም። አባቴም ነበር።

ከዚያ ተነስቶ መለኪያውን ብረት ከግድግዳው አወረደ። ወደ በሩ ሸሸሁ። እሱ ግን ለእኔ ዘረጋልኝ።

«አንቺ ያዢው። መስታወቱ ፊት ቁሚና ራስሽን ለኪ። ቁጥሩን ንገሪኝ፣ እኔ እጽፋለሁ።»

መስታወቱ ፊት ቆሜ ለካሁ። በብረቱ የነካሁት ቦታ ሁሉ ከዚያ በኋላም እዚያው ነበር። አሥራ አንድ ቁጥር ጻፈ፤ እያንዳንዱን ደግሞ ወደ አዋቂ ልክ አሳድጎ ከጎኑ ጻፈ። አፌና አፍንጫዬ ላይ እርጥብ ጨርቅ አሰረልኝ፣ ለራሱም አሰረ። ፔዳሉን እኔ ረገጥሁ፣ ማሽኑን እሱ ያዘ። የእንጨት አፍንጫ ለመሥራት ሦስት ቀን ፈጀብን። ውስጡን ሲቦረቡረው እንጨቱ እንደ እንቁላል ቅርፊት ሳሳ፤ ብርሃን ላይ ሲይዘው ጣቱ በማዶ ይታይ ነበር። የመጨረሻውን ማለስለስ ለእኔ ሰጠኝ። በግ አይደለም፣ ፊት ነው፣ ገና አሥር ዓመት ይቀረኛል ስለው፣ «እኔ ቸኩያለሁ» አለኝ።

እናቴ ሰባት ጊዜ ቀባችው፤ በጠርዙ ላይ የአባቴን ቀያይ ደም ሥሮች ሳይቀር አወጣች። ከመነጽር ጋር አያያዝነውና እሑድ ቤተ ክርስቲያን አድርጎት ሄደ። ጋጋሪው፣ የሬጂና አባት፣ ደጁ ላይ ጨበጠውና «እንደ ድሮህ ነህ ቪጂል» አለው። አባቴ እጄን አጥብቆ ያዘኝ።

ስድስት ዓመት ኖረ። በሽታው ሲመለስበት ብረቱን ራሴ አውርጄ ለካሁት፤ ያኔ ይኮረኩራል ብሎ ሳቀ። አፍንጫውን አብረን እንዳንቀብረው ነገረን፤ ለቲልያ ይቀመጥላት አለ። ለምን እንደሆነ አልገባኝም ነበር፤ ከነመነጽሩ በጨርቅ ጠቅልዬ መሳቢያ ውስጥ አኖርሁት።

ባለፈው መጋቢት አርባ ሰባት ዓመት ሞላኝ፤ አባቴ ሲለካኝ እሱ የነበረበት ዕድሜ ነው። ሠራተኞቹ ለምሳ ሲወጡ መሳቢያውን ከፈትሁ። መነጽሩን ጆሮዬ ላይ ሰካሁ፣ የእንጨቱን አፍንጫ በራሴ አፍንጫ ላይ አለበስሁት። ከዳር እስከ ዳር ተቀመጠ፤ ጥፍር የሚያስገባ ክፍተት እንኳ የለውም። የስምንት ዓመት ልጅ አፍንጫ ይዞ አርባ ዓመት ገደማ ወደፊት ቆጥሮ፣ ሳይስት ደርሶብኛል። እኔ ለሞት ለካኝ ብዬ ነበር።

መስታወቱ ውስጥ አባቴ ቆሞ ያየኛል። ሠራተኞቹ እስኪመለሱ ድረስ ከፊቱ አልሸሸሁም።